የማዘጋጃ ቤት ሰነዶች ለሁሉም እንዲነበቡ፦ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት፣ ሲገዛና ከተገዛ በኋላ

አንድ ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ አተመ፣ ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት፣ ስካን አድርጎ ድረ ገጹ ላይ ለጠፈ እንበል። ለሚያይ ሰው ሥራው አልቋል። በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ግን ያ ፋይል ባዶ ወረቀት ነው። ስካን ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለምና ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ቃል አያገኝበትም።

አንድ ሱቅ ካላስተናገደን ሌላ ሱቅ እንሄዳለን። ማዘጋጃ ቤት ግን አይቀየርም። የግንባታ ፈቃድ ቅጹ፣ የግብር ማሳወቂያው፣ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያው፣ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰነድን ተነባቢ ማድረግ የአገልግሎቱ አካል ነው፤ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ ማሳመሪያ አይደለም። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ይህንኑ ግዴታ አድርጎ አስቀምጦታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግዴታው ሲጠብቅ ገበያውም ይሞቃል። «አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሰነዶቻችሁ ሁሉ ይስተካከላሉ» የሚሉ አቅራቢዎች በዝተዋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በአካባቢ አስተዳደር ውስጥ በግዥ፣ በአይሲቲ ወይም በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለምትሠሩ ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩን በማስታወቂያው አትመዝኑት፣ በራሳችሁ ሰነዶች ፈትኑት። ፈተናውን የሚያርሙት ደግሞ በሰነዶቹ የሚጠቀሙት ሰዎች ይሁኑ።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ፣ ከዚያ ቀንሱ

ስንት ሰነድ እንዳለው ሳያውቅ ወደ ጨረታ የሚወጣ መሥሪያ ቤት ዋጋውን አቅራቢው ይወስንለታል። ስለዚህ መጀመሪያ ድረ ገጻችሁ ላይ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ዘርዝሩ። ይህን በራሳቸው የሚሰበስቡ መሣሪያዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ፋይል አምስት ነገር መዝግቡ፦ ዓይነቱን፣ የገጹን ብዛት፣ የወጣበትን ዓመት፣ ያወጣውን ክፍልና በቅርቡ ስንት ጊዜ እንደወረደ።

ዝርዝሩን ስታዩ ትገረማላችሁ። ማንም የማይከፍተው የድሮ ማስታወቂያ፣ ሦስት ጊዜ የተጫነ ያው ቅጽ፣ የተሻረ መመሪያ ይሞላዋል። ሁሉንም በአራት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ክምር ከድረ ገጹ የሚወርደው ነው። የመዝገብ አያያዝ ሕግ ፋይሉ እንዲቀመጥ ካስገደደ በውስጥ መዝገብ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ ተለጥፎ መኖር ግን የለበትም። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም ፒዲኤፍ መሆን ያልነበረበት ነው። የሁለት አንቀጽ ማስታወቂያ ለምን ፒዲኤፍ ይሆናል? ተራ የድረ ገጽ ጽሑፍ አድርጉት፤ ስልክ ላይም ይቀላል፣ ለስክሪን ሪደርም ይቀላል። ሦስተኛው ሰዎች አገልግሎት ለማግኘት የሚጠቀሙበት ነው፦ ቅጾች፣ መመሪያዎች፣ የክፍያ ተመን። ይሄ ቅድሚያ ይሰጠው። አራተኛው ሰው ሲጠይቅ የሚስተካከል የቆየ ሰነድ ነው።

ይህ አከፋፈል ከሥራ መሸሻ አይደለም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2024 ለክልልና ለአካባቢ መንግሥታት ያወጣው ደንብም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። በሥነ ሥርዓት ለተቀመጡ ማኅደሮችና ለቆዩ ሰነዶች ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል። የቆየው ሰነድ ዛሬም ሰው አገልግሎት የሚያመለክትበት ከሆነ ግን ያ ልዩ ሁኔታ አይሠራም።

2. የምትለኩበትን መለኪያ በስሙ ጥቀሱ

በጨረታ ሰነድ ላይ «ሰነዶቹ ተደራሽ ይሁኑ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስገድድም። መለኪያውን በስሙ፣ በቅጂውና በደረጃው ጻፉት።

ሁለት መለኪያዎች ይበቃሉ። አንዱ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ነው፤ በአጭር ስሙ ደብሊውሲኤጂ ይባላል። ቅጂ 2.1 በ2018፣ ቅጂ 2.2 በ2023 ወጥተዋል። ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ብዙ ሕጎች የሚጠይቁት መካከለኛውን ነው፤ ደብል ኤ ይባላል። በ2.1 ደብል ኤ ለመድረስ 50 መስፈርቶችን ማሟላት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው የንፅፅር መጠን ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት።

ሁለተኛው ለፒዲኤፍ ብቻ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ፒዲኤፍ ዩኤ ይባላል፤ ቁጥሩ አይኤስኦ 14289 ነው። ይሄኛው ፋይሉ ውስጥ ስላለው መዋቅር ይናገራል። የትኛው ርዕስ ነው? የትኛው ዝርዝር ነው? የሠንጠረዡ ራስጌ የቱ ነው? ከየት ወደ የት ይነበባል? ይህን የሚነግሩት ፋይሉ ውስጥ የተደበቁ ምልክቶች ታግ ይባላሉ። ታግ የሌለው ፒዲኤፍ ለዓይን ያማረ፣ ለጆሮ ግን የተዘበራረቀ ነው።

3. የምትገዙት የቱን ዓይነት ነው?

«የተደራሽነት ሶፍትዌር» በሚል አንድ ስም በጣም የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ።

መርማሪዎች አሉ። ፋይሉን አይተው ስህተቱን ይነግሯችኋል እንጂ አያስተካክሉም። ፓክ እና ቬራፒዲኤፍ በነፃ ይገኛሉ። ምንም ሳትገዙ ዛሬውኑ አውርዳችሁ ፋይሎቻችሁን ማየት ትችላላችሁ።

ማረሚያዎች አሉ። ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ ታጎቹን በእጁ ያስተካክላል። አዶቤ አክሮባት ፕሮ እዚህ ይመደባል። ኃይለኛ ናቸው፤ የሠለጠነ ሰው ግን ይፈልጋሉ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት በራሳቸው ታግ የሚያደርጉ የክላውድ አገልግሎቶች፣ ማለትም ፋይሉ በኢንተርኔት ወደ አቅራቢው ኮምፒውተር ተልኮ የሚሠራባቸው፣ አሉ። ለቀላል ሰነድ ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ሠንጠረዥና ቅጽ ላይ ሲደርሱ ሰው ማየት አለበት።

ከአንድ አብነት በሺዎች የሚወጡ ሰነዶችን፣ ለምሳሌ የውሃ ቢልን፣ ከምንጩ አስተካክለው የሚያወጡም አሉ። ብዙ ቢል የምታወጡ ከሆነ ከሁሉም የሚያዋጣው ይሄ ነው።

የመጨረሻው ድረ ገጹ ጥግ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ምልክት ነች። ስትጫን ፊደል ታሳድጋለች፣ ቀለም ትቀይራለች። ይህችን ለሰነድ ብላችሁ አትግዙ። ፒዲኤፉ ውስጥ ያለውን መዋቅር አትነካውም። በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አክሰሲቢ የተባለውን የዚህ ዓይነት መሣሪያ አቅራቢ፣ ማንኛውንም ድረ ገጽ ከደብሊውሲኤጂ ጋር አስማማለሁ በማለቱ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለመካከለኛ ማዘጋጃ ቤት የሚበቃው አንድ ጥሩ ማረሚያ፣ ነፃዎቹ መርማሪዎችና ሁለት በደንብ የሠለጠኑ ሠራተኞች ናቸው። ትልቁን የክላውድ አገልግሎት የገጻችሁ ብዛት ሲያስገድዳችሁ አስቡበት።

4. የፈተና ሰነዶቻችሁን ምረጡ

አቅራቢዎች ለማሳያ ይዘው የሚመጡት ሰነድ ሁልጊዜ ይሠራል። ተመርጦ፣ ተለማምዶ የመጣ ነው። እናንተ ደግሞ ከራሳችሁ ክምር 15 ወይም 20 ፋይል ምረጡ። ቆንጆዎቹን ተዉ፣ አስቸጋሪዎቹን አምጡ፦

- ጠመም ብሎ ስካን የተደረገ፣ ማኅተሙ ጽሑፍ ላይ ያረፈ ደብዳቤ
- ብዙ ገጽ የሚሄድ፣ የተዋሃዱ ሳጥኖች ያሉት የበጀት ሠንጠረዥ
- የሚሞላ ቅጽ
- በሁለት ዓምድ የተጻፈ መጽሔት ወይም ጋዜጣ
- ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የያዘ ደንብ
- ካርታ ወይም የመሬት አጠቃቀም ፕላን

ከእነዚህ ግማሹን አስቀድማችሁ ለተጫራቾች ስጡ። ቀሪውን በፈተናው ቀን ብቻ አውጡት። እንዲህ ካልተደረገ ተጫራቹ ሌሊቱን በእጁ አርሞ «ማሽኑ ሠራው» ሊላችሁ ይችላል።

5. ስለ ፊደላችን አንድ ነገር

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ መሥሪያ ቤት ከሁሉም የሚብሰው ችግር እዚህ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999፣ በቅጂ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ ሲሠራባቸው የኖሩት የድሮ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን የግዕዝ መልክ ያለበሱ ናቸው። ስክሪኑ ላይ «ማስታወቂያ» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ከሥሩ ያለውን ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከፒዲኤፉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉ። የወጣው አማርኛ ከሆነ ጥሩ። ምልክትና ጥያቄ ምልክት ከሆነ ዓይነ ስውሩ የሚሰማውም ያንኑ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድም ቢሆን ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር የፊደል ካርታው ሊጠፋ ስለሚችል ሁሉንም በዚህ መንገድ ፈትኑ።

ለተጫራቾች ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። ሶፍትዌራችሁ በድሮ ፎንት የተጻፈውን ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል? ስካን የተደረገ የአማርኛ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ያወጣል? የሰነዱን ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቋንቋ ካለም ለየብቻው፣ ምልክት ያደርጋል? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ የተመዘገበ የአማርኛ ሰነድ ሲከፈት ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፤ የሚወጣውም ትርጉም የሌለው ነገር ነው። «አዎ፣ ሁሉንም ቋንቋ እንደግፋለን» የሚል መልስ ካገኛችሁ በቃል አትቀበሉት። ገጹን ስጡና አሳዩን በሉ። በተለይ ስሞችንና ቁጥሮችን አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። የክፍያ መጠን ላይ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ሰው ላይ ጉዳት ታደርሳለች።

6. የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ምን ይግባ?

አብዛኛውን የግዥ ክፍላችሁ ያውቀዋል። ለዚህ ዓይነቱ ግዥ የሚጨመሩትን ብቻ ልንገራችሁ።

ሶፍትዌሩ ራሱ ተደራሽ ይሁን። ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዓይነ ስውር ሠራተኛ ካላችሁ፣ ወይም ነገ ከቀጠራችሁ፣ ሰነድ ማረሚያውን በኪቦርድና በስክሪን ሪደር መጠቀም መቻል አለበት። ተጫራቹ የምርቱን የተደራሽነት ሪፖርት ያቅርብ። ይህ ሪፖርት ቪፓት በሚባል የታወቀ ቅጽ ላይ ይሞላል። ሲመጣላችሁ በየመስመሩ አንብቡት። ሁሉም መስመር ላይ «ያሟላል» ብቻ ካለና አንድም ማብራሪያ ከሌለው ጠርጥሩ። በደንብ የተፈተሸ ምርት ድክመቱን ይናገራል።

ሰነዱ የት ይሄዳል? የክላውድ አገልግሎት ከሆነ ፋይላችሁ የሰው ስም፣ አድራሻ፣ የቦታ ይዞታ መረጃ ይዞ ከእጃችሁ ይወጣል። የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ እንደማይውል በጽሑፍ ይመለስላችሁ።

የዋጋው አከፋፈል ግልጽ ይሁን። በገጽ ነው፣ በሠራተኛ ነው፣ ወይስ በዓመት? በገጽ ከሆነ አንድ ሰነድ ተሻሽሎ እንደገና ሲገባ እንደገና ይከፈላል? ውሉ ሲያልቅስ የታረሙት ፋይሎች ያለ አቅራቢው ሶፍትዌር ይሠራሉ? የታረመው ሰነድ አቅራቢው ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚኖር ከሆነ ውላችሁ ባበቃ ማግስት ሥራችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

7. የፈተናው ቀን

ፈተናውን በሁለት ዙር አድርጉት።

መጀመሪያ ማሽን ይየው። የታረሙትን ፋይሎች በነፃዎቹ መርማሪዎች አሳልፉ። የአቅራቢው የራሱ መርማሪ «አረንጓዴ» ማለቱ በቂ አይደለም፤ ራሱን በራሱ ሲያርም ነውና።

ግን እዚህ አታቁሙ። ማሽን ማየት የማይችለው ብዙ አለ። የፒዲኤፍ ዩኤ ደረጃን ለመፈተሽ የተዘጋጀው ማተርሆርን የተባለው ዝርዝር 136 የስህተት ዓይነቶችን ይዟል። ከእነዚህ 47ቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ዳኝነት ይፈልጋሉ። ምክንያቱን በምሳሌ እንየው። ፎቶ ሥር «ምስል 1» ተብሎ መግለጫ ቢገባ ማሽኑ መግለጫ አለ ብሎ ያልፈዋል። የሚሰማው ሰው ግን ምንም አላወቀም። ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ መስመር እየዘለለ ከግራ ወደ ቀኝ ቢነበብም ታጎቹ እስካሉ ድረስ ማሽኑ ላያጉረመርም ይችላል።

ስለዚህ ሁለተኛው ዙር የሰዎች ነው። በስክሪን ሪደር የሚጠቀሙ፣ ፊደል አሳድገው የሚያነቡ፣ ማውስ መያዝ የማይችሉና በኪቦርድ ብቻ የሚሠሩ ሰዎችን ጋብዙ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ያገናኟችኋል። ለጊዜያቸው ክፈሏቸው። ባለሙያ ሆነው ነው የመጡት፤ ትራንስፖርት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ነውር ነው።

«ሰነዱ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቋቸው። ሥራ ስጧቸው። «የመንገድ ጥገና በሦስተኛው ሩብ ዓመት ስንት ተመድቦለታል?» በሏቸው። ሠንጠረዡ ራስጌ ከሌለው ስክሪን ሪደሩ ቁጥር ብቻ ይደረድራል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ አይናገርም። «ይህን ቅጽ ሞልታችሁ አስቀምጡ» በሏቸው። ሳጥኖቹ ስም ከሌላቸው የቱ የአባት ስም፣ የቱ የስልክ ቁጥር እንደሆነ አይታወቅም። ማን ጨረሰ፣ ማን የት ላይ ቆመ፣ ያንን መዝግቡ። ለዊንዶውስ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ አብረው ይመጣሉ። ብዙ ሰው ሰነድ የሚከፍተው በስልኩ ስለሆነ ስልክ ላይም ይፈተን።

ጎን ለጎን ሰዓት ያዙ። ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ ሠራተኛችሁ እያንዳንዱን ገጽ ለማረም ስንት ደቂቃ ፈጀበት? የሶፍትዌሩ እውነተኛ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው።

8. ዋጋውን እንደገና አስሉ

በዓመት 3,000 አዲስ ገጽ ታወጣላችሁ እንበል። አንዱ ሶፍትዌር ከራሱ ሥራ በኋላ ለገጽ 6 ደቂቃ የሰው እርማት ቢፈልግ በዓመት 300 ሰዓት ነው። ሌላው ርካሽ ሆኖ 15 ደቂቃ ቢፈልግ 750 ሰዓት ይሆናል። የ450 ሰዓቱ ልዩነት ደመወዝ ነው፤ የላይሰንሱ ዋጋ ላይ ግን አይታይም። የፋይናንስ ግምገማው ላይ ይህን ጨምሩበት። ሥልጠናንም ጨምሩ፣ ሠራተኛ ሲለቅ አዲሱን ማሠልጠንንም ጭምር። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ብቻ ያሸንፋል የሚል አሠራር ካላችሁ፣ የፈተናውን ውጤት ማለፊያ መስፈርት አድርጋችሁ አስቀድማችሁ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀምጡት። በኋላ ማስገባት አይቻልም።

9. ውሉ

«መቶ በመቶ እናሟላለን» የሚል ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚሆን ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። የቱ ሲሟላ ርክክብ እንደሚፈጸም፣ የወደቀ ፋይል በስንት ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚታረም፣ ደረጃው ሲሻሻል ማን ወጪውን እንደሚሸፍን ጻፉ። ክፍያውን ከፋፍላችሁ ከተረጋገጠ ሥራ ጋር እሰሩት። ሙሉውን አስቀድሞ የተከፈለው አቅራቢ ስልክ ለማንሳት አይቸኩልም።

10. ከገዛችሁ በኋላ

የሰነዱን አወላለድ ካልቀየራችሁ ሶፍትዌሩ ዕድሜ ልኩን ከኋላ እየተከተለ ይጠግናል። አዲሱ ፋይል ሲወጣ ጀምሮ ትክክል ከሆነ ግን የሚጠገን ያንሳል።

ለእያንዳንዱ ክፍል የወርድ አብነት አዘጋጁ። ርዕስ በሄዲንግ ስታይል ይጻፍ እንጂ ፊደል አወፍሮ ርዕስ ማስመሰል ይቅር። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር «ሴቭ አዝ» ተብሎ ይቀየር። «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ስትሉ ታጎቹ ይጠፋሉ፤ አንድ ጠቅታ ሙሉውን ድካም ይበላዋል።

የማኅተም ነገርም አለ። የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያስፈልጋል የሚል ክርክር በየመሥሪያ ቤቱ ይነሳል፤ ትክክልም ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ማውጣት ነው። ጽሑፉ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፍ፣ የተፈረመበት ስካን ከሥሩ ይያያዝ። ዲጂታል ፊርማ ካላችሁ ደግሞ ማተሙም ስካኑም አያስፈልጉም።

ሰነድ የሚለጥፈው ሰው «ይሄ አልፎ አይሄድም» ብሎ ለክፍል ኃላፊም ቢሆን መመለስ ይቻለው። ይህ ሥልጣን በደብዳቤ ይሰጠው። ያለዚያ «ለዛሬ ብቻ እለፈው» የሚለው ልመና በየቀኑ ይመጣል።

በእያንዳንዱ የሰነድ ገጽ ላይ ስልክና ኢሜይል አስቀምጡ፦ «ይህን ሰነድ ማንበብ ካልቻሉ ይንገሩን፤ በዚህን ያህል የሥራ ቀን ውስጥ በሚመችዎ መልክ እንልክልዎታለን።» የቀኑን ቁጥር እናንተ ሙሉት፣ ስትሞሉት ግን የምትችሉትን ጻፉ። ጥያቄ ሲመጣ ፋይሉን ለጠያቂው ብቻ ልካችሁ አትተዉት። የታረመውን ቅጂ በድሮው ቦታ ተኩት፣ ዝርዝራችሁ ላይም ምልክት አድርጉበት። አራተኛው ክምር ውስጥ ያስቀመጣችኋቸው የቆዩ ሰነዶች በዚህ መንገድ፣ ከሚፈለገው ጀምሮ፣ አንድ በአንድ ይታረማሉ።